የምስጋና አማካይ

ሁለት አማካዮችን ማወዳደር ቀላል ሥራ ነው። ኮምፒውተሩ ዓይን ከመርገብገቡ በፊት ይጨርሰዋል። አስቸጋሪው ከዚያ በፊት ያለው ነው፤ የሰው ደጅ ደርሶ «ጤናዎ እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅና የሰሙትን በቁጥር መጻፍ። ዛሬ ይህን አፌን ሞልቼ እናገራለሁ። ያን ጊዜ ግን ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስታቲስቲክስ በመማሬ፣ የገዛ አገሬን ሰው አነጋገር ከእንግዳ ባልተሻለ ሁኔታ ነበር የማውቀው። እንዲያውም እንግዳ ቢሆን ሳያፍር ይጠይቅ ነበር። እኔ የማውቅ መስሎኝ አልጠየቅሁም።

የምሠራው ቆቦ ውስጥ ባለ አንድ ትንሽ የእርዳታ ቢሮ ነው፤ ሥራዬም መረጃ ማሰባሰብና መተንተን። የተወለድኩባት ቀበሌ ከከተማው በስተምሥራቅ፣ ከአሸዋማው ወንዝ ማዶ ናት። በጦርነቱ ጊዜ የቀበሌዋ ጤና ኬላ ግድግዳው ብቻ ቀረ። በሩም፣ አልጋውም፣ የመድኃኒት መደርደሪያውም ሄደ። ከዚያ በኋላ ቢሯችን በሳምንት ሁለት ቀን አንዲት የሕክምና መኪና ይልክ ጀመር። መኪናዋ ከትልቁ ግራር ሥር ትቆማለች፤ ነርሷ ግፊትና ስኳር ትለካለች፣ መድኃኒት ትሰጣለች። ከኋላ ወንበር ሥር የበረዶ ሣጥን አለ፤ ሣጥኑ ውስጥ ኢንሱሊን።

በዚያ ኢንሱሊን ከሚኖሩት አንዷ ታላቅ እህቴ ናት። በአሥር ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ስትሞት እኔ ገና ጥርሴን አልነቀልኩም ነበር፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ስኳር እንዳለባት የታወቀው ከጦርነቱ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። ያ መድኃኒት በቆላችን ሙቀት ቤት ውስጥ ብዙ አይቆይም፤ ከውሃ እንስራ አጠገብ አሸዋ ውስጥ ቀብራ ታቆየዋለች፤ ቢሆንም ቶሎ ቶሎ መለወጥ አለበት። ክረምት ሲገባ ደግሞ ወንዙ ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ይዞ ይመጣና መንገዱን ይዘጋል። አንዳንዴ ቀናት ያልፋሉ፤ ሰው ይቅርና ግመል አያሻግርም፤ ውሃው ጎደል ሲል ቀድማ የምትሻገረው ያቺ ከፍ ያለች መኪና ናት። እንግዲህ መኪናዋ ከቀረች የእህቴ ሕይወት በወንዙ መልካም ፈቃድ ላይ ቀረ ማለት ነው።

አንድ ቀን ኃላፊያችን ጠሩኝ። ቢሮው ያለው አንድ መኪና ነው፤ ሌላ ወረዳም ጠይቋል። ለማን ይሰጥ? «ውሳኔው በሰው አፍ ሳይሆን በማስረጃ ይሁን» አሉ። ደስ አለኝ። የእኛን ቀበሌ፣ ጎብዬ አካባቢ ካለችና ጤና ጣቢያዋ በወጉ ከሚሠራ ቀበሌ ጋር እናወዳድር ተባባልን። ቤቶቹ በዕጣ ይመረጣሉ። አምስት ጥያቄ ይጠየቃሉ፦ አጠቃላይ ጤና፣ ሕመም፣ እንቅልፍ፣ መንገድ መሄድ፣ የቤት ሥራ መሥራት። መልሱ ከአንድ እስከ አምስት ይሰጠዋል፤ አምስት በጣም ጥሩ ነው። የእኛዋ ቀበሌ አማካይ ከጎብዬዋ ዝቅ ካለ፣ ልዩነቱም በአጋጣሚ ሊመጣ የማይችል ከሆነ መኪናዋ ትቆያለች። ካልሆነ ትሄዳለች። ይህን ደንብ ያረቀቅኩት እኔ ነኝ። ከውጤቱ በፊት በጽሑፍ ይስፈር፣ በኋላ ማንም እንዳይጠመዝዘው ብዬ ያስፈረምኳቸውም እኔው ነኝ።

አጋጣሚ የምለው እንዲህ ነው። ከሁለት ጆንያ ማሽላ አንዳንድ እፍኝ ቢዘገን፣ ሁለቱ ጆንያ ከአንድ ማሳ የመጣ ቢሆን እንኳ እፍኞቹ ትንሽ መለያየታቸው አይቀርም። ታዲያ ያየነው ልዩነት የእፍኙ ነው ወይስ የጆንያው? ቲ-ቴስት የሚባለው ምርመራ የሚመልሰው ይህችን ጥያቄ ብቻ ነው። ጆንያው ውስጥ ያለው በእርግጥ ማሽላ መሆኑን አይጠይቅም። ያንን አውቃለሁ ብሎ የሚያስረክበው ሰው ነው፤ እዚህ ላይ ያ ሰው እኔ ነበርኩ።

የፈራሁት አንድ ነገር ነበር፤ ለእህቱ አዳላ መባልን። ቢሮው ውስጥ እህቴ የዚያ መኪና ታካሚ መሆኗን የማያውቅ የለም። ስለዚህ ጥንቃቄዬ ልክ አጣ። ጥናቱ እስኪያልቅ ድረስ ወንዙን አልሻገርም ብዬ ቀረሁ። ወደ እኛ ቀበሌ የላክሁት አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ፣ በቅርቡ የተቀጠረ ወጣት ባለሙያ ነው። ማንንም አያውቅም፤ ማንም አያውቀውም። ለጎብዬ ሌላ ሰው ስላልነበረን የዚያው አገር ልጅ የሆነችውን ባልደረባችንን መደብኩ። ሁለቱንም አሠለጠንኳቸው። የመጀመሪያውን መልስ ጻፉ። አትገፋፉ፣ አታግዙ። ጥያቄው ለምን እንደሆነ አትናገሩ። የሰው ቤት ምንም አትቅመሱ፣ ውሃም ቢሆን። ቁጭ ብላችሁ ወሬ አታራዝሙ። ደጋግሜ ነገርኳቸው፤ እውነቱን ለመናገር በራሴ ኮርቼ ነበር። እንዲህ ያለ ንጹሕ ሥራ ቆቦ አይታ አታውቅም ብዬ አስቤ ይሆናል።

መረጃው ተጠናቆ የገባው አንድ ከሰዓት ላይ ነው። መብራት ጠፍቶ ውሎ ገና መምጣቱ ነበር፤ ቢሮው እንደ ምድጃ ይግላል። ሪፖርቱ በጭንቅላቴ ውስጥ ተጽፎ አልቋል፤ የቀረኝ ቁጥሩን መሙላት ብቻ ነው። ምርመራውን አስኬድኩት።

የእኛዋ ቀበሌ አማካይ ከፍ ብሎ ወጣ። በጥቂት ሳይሆን በብዙ። ፒ-ቫልዩ የሚባለው፣ የእውነት ልዩነት ባይኖር ይህን ያህሉ በአጋጣሚ የመምጣት ዕድሉን የሚነግረው ቁጥር፣ ከዜሮ ብዙም አይርቅም። ሁለቱን ዓምዶች አቀያይሬ አስገብቻቸው ነው ብዬ ተመለስኩ፤ አላቀያየርኩም። ሌላ ዓይነት ምርመራ ሞከርኩ፤ መልሱ ያው ነው። በመረጃው መሠረት ጤና ኬላው የፈረሰበት፣ ሰው ለአንድ መርፌ ወንዝ የሚሻገርበት አገሬ፣ ጤና ጣቢያ ደጃፉ ካለለት ከጎብዬ ሰው ይልቅ ጤነኛ ነው።

ያኔ አማካዩን ትቼ ዝርዝሩን አንድ በአንድ አየሁ። አምስት፣ አምስት፣ አምስት፣ አራት፣ አምስት። ገጹን ብገለብጥም ያው። ቅጹ የተጫነው በስልክ ላይ ስለሆነ ቃለ መጠይቁ የተጀመረበትንና ያለቀበትን ሰዓት ራሱ ይመዘግባል። በጎብዬ እያንዳንዱ ቤት ረጅም ጊዜ ወስዷል። በእኛ በኩል የወሰደው ግን በአገራችን ሰላምታ እንኳ በወጉ የማያልቅበት ጊዜ ነው።

ወጣቱን ጠርቼ ጠየቅሁት። አልደበቀኝም፤ የሚደብቀውም አልነበረውም። «ጤናዎ እንዴት ነው?» ሲላቸው «አልሐምዱሊላህ» ይሉታል፤ አምስት ይሞላል። ሕመም ያስቸግርዎታል ወይ ሲላቸው «አላህ ይመስገን፣ ምን አለ» ይሉታል፤ አምስት። እንቅልፍስ? «ሹክር ነው።» አምስት። አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ መንገድ መሄድ ያቅትዎታል ወይ ሲባሉ ምስጋና መለሱለት። ከዘራውን አይቶታል፤ ግን የመጀመሪያውን መልስ ጻፉ ተብሏልና ጻፈ። «አትገፋፉ ብለኸን የለ?» አለኝ። ልቆጣው አማረኝ፤ በምን አፌ?

ጎብዬ የሄደችው ባልደረባችን ደግሞ ገና ሳልናገራት ይቅርታ ጠየቀችኝ። ደንቡን አፍርሳለች። የገባችበት ቤት ሁሉ ቁጭ ብላለች፣ ውሃ ጠጥታለች፣ የተቆላ ሽምብራ ቆርጥማለች። እሷም ብትሆን መጀመሪያ የሰማችው ምስጋና ነው፤ ከአንዱ አልሐምዱሊላህ፣ ከሌላው እግዚአብሔር ይመስገን። «እሱን ተቀብዬ ዝም እላለሁ» አለችኝ። «ከዚያ ራሳቸው ወደ ሕመማቸው ይመጣሉ።» ትክክለኛውን መረጃ ይዛ የመጣችው መመሪያዬን የጣሰችው ናት። የተበላሸውን ያመጣልኝ ደግሞ ቃሌን አንድ ሳያስቀር የፈጸመው።

ከዝርዝሩ መጨረሻ አንድ ቤት ቀረኝ። ቅጹ ስም የለውም፤ የቤቶቹን ቁጥር ካርታው ላይ ያሰፈርኩት ግን እኔ ስለሆንኩ ወንዙ አፋፍ ላይ ያለው የመጨረሻው ቤት የማን እንደሆነ አውቃለሁ። አጠቃላይ ጤና አምስት። ሕመም የለም፣ አምስት። እንቅልፍ አምስት። መንገድ አምስት። የቤት ሥራ አምስት። እህቴ በመላው ናሙና ከሁሉ ጤነኛ ከሆኑት ሰዎች ተርታ ተሰልፋለች። ሌሊት እግሯን እሳት እንደነካው ያቃጥላታል፤ እንቅልፍ ስታጣ ተነሥታ ግቢውን ትዞራለች። ይህን ወንዙን ሳልሻገር አውቀዋለሁ። ንዴት ያዘኝ፤ በእሷም፣ በልጁም፣ በራሴም።

በማግስቱ ማለዳ ኃላፊያችን ዘንድ ገባሁ። ጠዋት የሚረጋጉ፣ ረጋ ብለው የሚያዳምጡ ሰው ናቸው፤ ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ሁሉንም አስረዳኋቸው። እንደገና ይጠየቅ፣ በዚህኛው ዙር ባልደረባችን ትሂድ አልኳቸው። የመኪናዋን መዝገብም ይዤ ገብቼ ነበር፤ ይኸው የታካሚው ብዛት ብዬ አሳየኋቸው። የጎብዬ ጤና ጣቢያ መዝገብ ከዚህ ይወፍራል አሉኝ፤ እውነት ነው፣ ሐኪም ያለበት አገር ብዙ በሽተኛ ይመዘገባል። ከዚያም ወሬው መውጣቱን ነገሩኝ። ጥያቄው ለመኪናዋ ጉዳይ እንደነበር ቀበሌው ሁሉ ሰምቷል። አሁን ማንም ቢጠይቃቸው ሁሉም ሊሞት የደረሰ ነው የሚሆነው፤ ያም መረጃ አይደለም። የመጀመሪያው ዙር በምስጋና ተበላሸ፤ ሁለተኛው በስሞታ ሊበላሽ ነው።

«ውጤቱን ስላልወደድከው ደግመህ ካስጠየቅህ፣ እስክትወደው ድረስ ልታስጠይቅ ነው» አሉኝ። «ይህን ያስተማርከን ራስህ ነህ።»

እኔው ነበርኩ። ባለፈው ሥልጠና ላይ ሰሌዳው ፊት ቆሜ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ ቃል በቃል እንዲሁ ብያለሁ። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እህቴ እዚያ መሆኗን እንደሚያውቁ ነገሩኝ። የተናገሩት በርኅራኄ ነው፤ እኔ ግን በጥፊ የተመታሁ ያህል ተሰማኝ። ከዚያ በኋላ መከራከር አልቻልኩም።

የጥናቱ ድክመት በሚለው ሥር አንድ አንቀጽ እንድጽፍ ፈቀዱልኝ። ጻፍኩ። መጨረሻው ገጽ ላይ፣ ከሠንጠረዡ ግርጌ ገባ፤ ያነበበው ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። የፊቱ ገጽ ላይ ግን ልዩነቱ ጉልህ ነው የሚለው ዓረፍተ ነገር ሰፍሯል፤ ከሥሩም ፊርማዬ። አልፈርምም ማለት እችል ነበር። ሪፖርቱ ያለ እኔ ፊርማ አይሄድም፤ ቢያንስ ይዘገይ ነበር፤ በመዘግየቱ መካከል ሰው ያስብበት ነበር። ለምን ፈረምክ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ልመልስ ከሆነ፣ ፈርቼ ነው። ስሜ ከእህቴ መድኃኒት በልጦብኝ ነው። ሌላ ምክንያት ብዙ ጊዜ ፈልጌለት አጥቻለሁ።

መኪናዋ እንደምትሄድ ከቁርጥ ቀኑ በፊት ልነግራት በሞተር ወንዙን ተሻገርኩ። ወንዙ ደርቆ ነበር፤ ጎማው አሸዋው ውስጥ እየሰጠመ አስቸገረኝ። ለማሽላ ጥበቃ ከተሠራው ዳስ ሥር ተቀምጣ አገኘኋት። ሰላምታው እስኪያልቅ አልታገሥኩም። ያን ልጅ ለምን ደህና ነኝ አልሽው አልኳት።

«ደጄ መጣ፤ ተቀመጥ ብለው አልቀመጥ አለ። ውሃ ብሰጠው አልጠጣም አለ» አለችኝ። «ቆሞ ላለ ሰው፣ ውሃዬን ላልቀመሰ ሰው፣ ምኔን አውጥቼ ልንገረው? ልመና አይሆንብኝም?»

እንዲያ ነው ለካ። የእኛ ሰው ሕመሙን የሚናገረው ለተቀመጠ ሰው ነው። ምስጋናው መልስ አይደለም፤ በር ነው፤ ገብቶ ለሚቀመጥ ይከፈታል። ይህን በዕድሜዬ ሁሉ ስሰማውና ሳደርገው ኖሬያለሁ፤ ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ እንኳ ደህና ነኝ ብዬ ነው የምጀምረው። ታዲያ አትቀመጡ፣ ውሃም አትጠጡ ብዬ የላክሁት እኔ ነኝ። ሁሉንም ነገርኳት። መመሪያውን፣ ቁጥሩን፣ ፊርማውንም። ስለ ፊርማው ስነግራት ዓይኔን ማሽላው ላይ ነበር የተከልኩት።

እንድትሰድበኝ ፈለግሁ። ልጅ ሳለሁ ሳጠፋ ታደርገኝ እንደነበረው ጆሮዬን ብትይዘኝ በወደድኩ።

«እኔ ለእንግዳው ምስጋናዬን ነገርኩት» አለችኝ በመጨረሻ። «አንተ ግን ወንድሜ፣ ሕመሜን ታውቀው የለም? የምታውቀውን ለምን በሰው አስጠየቅኸኝ?»

ስለ ማዳላት፣ ስለ ናሙና፣ ስለ ዕጣ ላስረዳት ጀመርኩና መሀል ላይ ተውኩት። እታለም ብዬ ጠራኋት። አብሽር፣ አይዞህ አለችኝ። እሷን ላጽናና ሄጄ አጽናንታኝ ተመለስኩ፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

መኪናዋ ወደ ሌላኛው ወረዳ ሄደች። እዚያም የሚታመም ሰው አለና ከንቱ ሄደች አልልም። ቢሮው ለቀበሌው በደብዳቤ አሳውቄያለሁ ይላል፤ ደብዳቤው ግን ሰዉ ዘንድ አልደረሰም። በተለመደው ቀን ታካሚዎቹ ካርዳቸውን ይዘው ከግራሩ ሥር ተቀምጠው እስከ ቀትር ጠበቁ። እህቴ ታውቅ ነበርና ልትነግራቸው ሄዳ፣ ከየት ሰማሽ ቢሏት እኔን እንዳታነሣ ብላ ሳትነግራቸው አብራቸው ተቀምጣ እንደ ዋለች ከሌላ ሰው ሰማሁ።

ከዚያ ወዲህ የእሷን ኢንሱሊን ከቆቦ እያወጣሁ በትንሽ የበረዶ ሣጥን፣ ሞተሩ ኋላ አስሬ በየሳምንቱ አደርስላታለሁ። ክረምቱ ሲገባ እንዴት እንደማደርግ አላውቅም። ለሌሎቹ ምንም አላደርስም። ግፊት የሚለካ ነርስ በሞተር አይጫንም፤ የአንዱን መድኃኒት ባደርስ የሌላውን መተው አለ፤ እንዲህ እያልኩ ራሴን አሳምናለሁ። ለማንም አድልቼ አላውቅም እንዳላልኩ፣ አሁን ሥራዬ ሁሉ ማዳላት ሆነ።

ሦስተኛው ይሁን አራተኛው ሳምንት ላይ፣ ግቢዋ ደርሼ ሞተሩን ሳጠፋ ለልጁ ምስጋና የመለሱለት ሽማግሌ ከጎረቤት አጥር ላይ ብቅ አሉ። ከዘራቸውን በአንድ እጃቸው፣ የመኪናዋን የሕክምና ካርድ በሌላው ይዘዋል። ሣጥኑን አዩት፣ እኔን አዩኝ። በወጉ ሰላም ብለውኝ፣ ስለ ጤናዬና ስለ ሥራዬ ጠይቀውኝ፣ ካርዳቸውን ኪሳቸው ከትተው ተመለሱ። እህቴ ብልቃጦቹን ከእጄ ተቀብላ ቶሎ በነጠላዋ ሸፈነቻቸው። ስወጣ እስከ አፋፉ ተከተለችኝ።

«ታካሚዎቹ የሞተርህን ድምፅ ሲሰሙ መኪናዋ መጣች ብለው እየተነሡ ነው» አለችኝ። «ከእንግዲህ ሞተሩን ወንዙ ማዶ አቁምና በእግርህ ና።»